«የለም» ያለው መዝገብ

ጽጌ ስትቆጣ አትጮህም። ድምጿ ዝቅ ይላል፣ ቃላቷ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ በእጇ የያዘችውን ነገር ቀስ ብላ ታስቀምጣለች። ካምፓላ፣ ናኪቩቦ ገበያ ውስጥ ከጎኗ ስልክ የሚጠግኑት ይህን አመሏን ስለሚያውቁ፣ ወረንጦዋን ቀስ ብላ ስታስቀምጥ ካዩ ወሬያቸውን ያቆማሉ። የዚያን ሐሙስ ጠዋትም አስቀመጠች፤ እነሱም ዝም አሉ።

የደወሉላት የጋሽ አለምዘውድ ሚስት እትዬ ሙሉነሽ ነበሩ።

«ጽጌዬ፣ እድሩ አይቀብርም አለ።»

«ምን ማለት ነው አይቀብርም?»

«አለምዘውድ መዝገብ ላይ የለም ተባለ። ጋሽ ይመር ናቸው የደወሉልኝ። ማሽኑ የለም ይላል አሉኝ።» እትዬ ሙሉነሽ አላለቀሱም። ያለቀሰ ሰው ድምፅ ቢሆን ጽጌ ይቀላት ነበር።

ጋሽ አለምዘውድ ትናንት ጠዋት ነው በድንገት ያረፉት። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰውየው አናጺ ነበሩ፤ ካምፓላ ሃያ ዓመት ኖረዋል፣ የማኪንድዬ ሰፈር እድር አባል ከሆኑ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። አባል ብቻ ቢሆኑ ምንም አልነበረ። በእነዚህ አሥራ አንድ ዓመታት እድሩ የቀበረው ሰው ሁሉ መቃብሩ ላይ የአለምዘውድ አካፋ አለበት። አስክሬን ወጣ በተባለ ሰዓት ሥራቸውን ጥለው ቀድመው የሚደርሱ፣ ሌላው ሱሪውን ሲሰበስብ እስከ ወገባቸው ጉድጓድ ውስጥ የሚገኙ ሰው ነበሩ። በሰው አገር እድር ማለት ድንኳንና ወንበር ብቻ አይደለም፤ ስትሞት በራስህ ቋንቋ የሚያለቅስልህ ሰው ማለት ነው። ያን ሁሉ ሰው የቀበሩት ሰውዬ የራሳቸው ቀን ሲደርስ «አናውቃቸውም» ተባሉ። እስቲ ፍረዱ!

ጽጌን ደግሞ በሌላ በኩል ነካት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አዲስ አበባ የኮምፒውተር ትምህርቷን ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጣ፣ በሞያሌ አድርጋ፣ ናይሮቢ ከርማ ካምፓላ ስትገባ የምታውቀው ሰው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ያገኟት እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው። አንድ ዓመት ሙሉ ቤታቸው ኖረች። ያቋረጠችውን ትምህርት የቀጠለችውም እዚያው፣ ከሥራ መልስ፣ ጋሽ አለምዘውድ እንጨት ሲልጉ ከጎናቸው ቁጭ ብላ ነው።

የተማረችበት መንገድ ግን እንደ ሰው አልነበረም። የቪዲዮ ትምህርት ለማየት ዳታ ያስፈልጋል፤ ዳታ የላትም። አንድ ደግ ሰው የአንድ የፕሮግራም ቋንቋ ሶርስ ኮድ በፍላሽ ገልብጦ ሰጣት። ሶርስ ኮድ ማለት የቋንቋው የሆድ ዕቃ ነው፤ ሠሪዎቹ ቋንቋውን እንዴት አድርገው እንደሠሩት ተጽፎ የሚገኝበት። ሌላው ሰው መኪና መንዳት ሲማር ጽጌ ሞተሩ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት አነበበችው። አንዳንዱን ገጽ አሥር ጊዜ።

ያገኘችውን ሁሉ በአማርኛ የምትጽፍበት አንድ ደብተር ነበራት፤ «የብልሃት ደብተር» ትለዋለች። ጽሑፉ የራሷ ነው። «ትንንሾቹን ቁጥሮች አስቀድሞ ሠርቶ ያስቀምጣቸዋል፤ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው እነሱን ስለሆነ በየጊዜው አዲስ አይሠራም።» «ዝርዝር ሲበዛበት ከሚያስፈልገው ትንሽ አስበልጦ ቦታ ይይዛል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቤት እንዳይቀይር።» «ደርድር ሲባል ወዲያው አይሯሯጥም፤ መጀመሪያ ያያል፤ ቀድሞ በተራ የቆመ ካለ አይነካውም።» ይቺን የመጨረሻዋን ለጋሽ አለምዘውድ ስታነብላቸው፣ «አናጺ ነው እንዴ የጻፈው?» ብለው ስቀው ነበር።

ከብልሃቶቹ ይልቅ የምትወደው ግን ከላያቸው የሚጻፈውን ማስታወሻ ነው። እነዚያ በዓለም ላይ አንቱ የተባሉ ባለሙያዎች፣ አንድ ረቀቅ ያለ ነገር በሠሩ ቁጥር ከላዩ ላይ ለሚመጣው ሰው ይጽፋሉ፤ «ይህ መስመር አላስፈላጊ ይመስላል፤ አይደለም። ያለ እሱ ይህ ይህ ይበላሻል።» ጽጌ ከዚህ አንድ ነገር ተማረች፤ አዋቂ ብልሃቱን ያስረዳል፣ ጉረኛ ይደብቃል። ካምፓላ ውስጥ ብዙ ጉረኛ ታውቃለች። አንደኛው ኤርሚያስ ነው።

ኤርሚያስ ናጉሩ ሰፈር አንድ ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ ሸሚዙ ሁሌ የተተኮሰ፣ ወሬው ሁሌ በእንግሊዝኛ የተሞላ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የእድሩን መዝገብ በኮምፒውተር ያደረገው እሱ ነው፤ በነፃ። በነፃ ነዋ፤ ሰው ደግሞ በነፃ የተሠራለትን ነገር አይመረምርም። ጽጌ ያኔ «ኮዱን ልየው» ብላ ነበር። «አንቺ ስክሪን ቀይሪ» አላት፤ ጉባኤው ሳቀ። በኋላ አንድ ሰው በሞተ ወንድሙ የእድር ደብተር ሊጠቀም ሲል ተያዘና ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እጅ አወጡ፤ ከእንግዲህ ደብተር ማስረጃ አይሆንም፣ ማሽኑ ያለው የመጨረሻ ነው ተባለ። ስለዚህ እትዬ ሙሉነሽ የባላቸውን ደብተር ይዘው ቢሄዱም የሚያየው ሰው አይኖርም።

ጽጌ ሱቋን ዘጋች፣ ቦዳ ሞተር ሳይክል ላይ ወጣች፣ ማኪንድዬ ገባች።

የእድሩ ቢሮ ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይመር ላፕቶፑን ፊታቸው አድርገው፣ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ኤርሚያስም ተጠርቶ መጥቷል።

«ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አሏት ጋሽ ይመር ገና ሳትቀመጥ። «የወሰነው ጉባኤው ነው። ለአንዱ ብንጥስ ነገ ለሁሉም ነው።»

ኤርሚያስ ስሙን ጻፈ፤ አለምዘውድ። ተጫነው። በቀይ ፊደል «የለም» የሚል ወጣ። ላፕቶፑን ወደ ጽጌ አዞረላት።

«ኮዱን ክፈተው» አለች።

«ምኑን?»

«የጻፍከውን።»

ኤርሚያስ ጋሽ ይመርን አየ። ጋሽ ይመር ሰዓታቸውን አዩ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል። «ክፈትላት» አሉት።

ጽጌ አነበበች። ኤርሚያስ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። አንድም ማስታወሻ የለም፤ ከላይ እስከ ታች ባዶ ግድግዳ። ቁልቁል ስትወርድ ግን የምታውቀው ነገር አጋጠማት፤ የጎረቤት ልጅ ሌላ ሰፈር ላይ እንደማየት ያለ ነገር።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

«የጻፍከውስ አንተ ነህ። ያየኸው ግን ከቋንቋው ሶርስ ኮድ ውስጥ ነው።»

«እና?» አለ ኤርሚያስ፣ ትንሽ ኩራት ፊቱ ላይ እየመጣ። «እዚያ ድረስ ገብቶ የሚያነብ ስንት ሰው አለ? በዓለም ፈጣኑ አፈላለግ ነው።»

ማኪንድዬ ውስጥ በረድፍ የተሠሩትን፣ በር ለበር የሚያያዙትን ባለ አንድ ክፍል ቤቶች ያየ ሰው ይህን ብልሃት ለመረዳት ሰርተፍኬት አያስፈልገውም። ማሽኑ ስም ሲሰጠው የመጀመሪያ ፊደሉን ያይና ወደ አንድ ረድፍ ይልከዋል። ሽማግሌዎቹ አሮጌው መዝገብ በፊደል የተከፈለ ስለነበር እንደዚያው ይሁን ብለውት ነው። በ«አ» የሚጀምር ሁሉ ቤት ቁጥር አርባን ያንኳኳል። አርባ ከተያዘ አርባ አንድ ይገባል፤ እሱም ከተያዘ አርባ ሁለት። ሲፈለግም እንደዚያው ነው፤ ከአርባ ጀምሮ እያንኳኳ ይሄዳል። ባዶ ቤት ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። «ሰውየው መጥቶ ቢሆን እዚህ ይገባ ነበር፤ ስለዚህ የለም» ብሎ ይመለሳል። እስከዚህ ድረስ ብልሃቱ ብልሃት ነው።

«ከአስናቀ ቀጥሎ አርባ አንድ ባዶ ነው፤ እዚህ ማን ነበር?» አለች ጽጌ።

የመለሱት ጋሽ ይመር ናቸው። «አርሴማ ትመስለኛለች። ያቺ በፋሲካ ማግስት የቀበርናት።»

«አሁን የት አለች?»

«አጥፍቻታለሁ» አለ ኤርሚያስ። «ሞታለች እኮ! ባለፈው ወር የሞቱትን በሙሉ አጸዳሁ።»

«ማን አዘዘህ?»

ኤርሚያስ አሁንም ጋሽ ይመርን አየ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በአሮጌው መዝገብ፣ አሉ፣ የሞተ ሰው ስም አይሰረዝም ነበር፤ አጠገቡ መስቀል ይደረግበትና በየስብሰባው ስሙ ሲጠራ ሁሉም «ነፍስ ይማር» ብሎ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። የሞቱት እየበዙ ሲሄዱ ስብሰባው ረዘመ፤ ሰው ሥራ አለብን እያለ አጉረመረመ። «ስለዚህ አንዴ አጽዳልን አልነው» አሉ። «ምን ክፋት አለው ብለን።»

ጽጌ ብዕሯን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ኤርሚያስ፣ የገለበጥከው ቦታ ላይ ከዚህ ቀጥሎ አንድ ነገር ነበረ። ሰው ሲወጣ ቤቱ ባዶ አይደረግም፤ ምልክት ይቀመጥበታል። ‹እዚህ ሰው ነበረ፤ አትቁም፣ እለፍና ቀጣዩን አንኳኳ› የሚል። እኔ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ሠሪዎቹም ማስታወሻ አድርገውበታል። አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ትርፍ ነገር መሰለኝ» አለ ኤርሚያስ። «ኮዱን ያቆሽሸዋል። ንጹህ እንዲሆን ፈልጌ ነው።»

እዚህ ላይ ያልተናደደ ሰው የት ይናደድ? አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኼ ነው። ሰዎቹ ስንት ዓመት ተሠቃይተው፣ ተሳስተው፣ ከስህተታቸው ተምረው ያስቀመጡትን ምልክት፣ የኛ ሊቅ «ቆሻሻ» ብሎ ጠራርጎ ጣለው። ጽጌ ስትናገር ድምጿ ከመውረዱ የተነሣ ሁለቱም ወደ ፊት ጠጋ አሉ።

«ብልሃቱን ወሰድክ፣ ማስጠንቀቂያውን ጣልክ። ደግሞስ ሦስት መቶ ሰው ለመፈለግ ይህ ሁሉ ፍጥነት ምን ያደርግልሃል? አንድ በአንድ ቢፈልግ ዓይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ ይጨርሳል። የት ልትደርስ ነው? አስክሬን አያመልጥህ!»

ኤርሚያስ ቀላ። «እሺ፣ መፍትሔው ቀላል ነው» ብሎ ተቀመጠና የጋሽ አለምዘውድን ስም እንደ አዲስ መዘገበ። ማሽኑ አርባን አንኳኳ፣ አርባ አንድን ባዶ አገኘው፣ እዚያው አስገባቸው። ኤርሚያስ ፈለጋቸው። ተገኙ። «ይኸው!» አለ።

ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አድርገው ከስሙ ሥር ያለውን አነበቡ። «አባል የሆኑበት ቀን፤ ዛሬ። አዲስ አባል አገልግሎት የሚያገኘው ከስድስት ወር በኋላ ነው።» ቀና ብለው አዩት። «ይኼስ ምንድን ነው?»

የዛሬው ቀን! ትናንት የሞተ ሰው፣ በቀብሩ ቀን፣ አዲስ አባል። ገብቶ ስድስት ወር ይጠብቅ። ኤርሚያስ ይህን ሲጽፍ አላፈረም፤ ጽጌን ያንገበገባት ይህ ነው።

«አውጣቸው» አለች። «ከአርሴማ ቤት አውጣቸው። እሳቸው የራሳቸው ቤት አላቸው።»

ኤርሚያስን ከወንበሩ አስነሥታ ራሷ ተቀመጠች። ባዶ ቤት ላይ እንዳይቆም፣ ረድፉን እስከ መጨረሻው በር በበር እያንኳኳ እንዲሄድ የሚያደርግ አጭር ነገር ጻፈች። አርባ፣ አስናቀ። አርባ አንድ፣ ባዶ። አርባ ሁለት፣ አለምዘውድ፤ አባል የሆኑበት ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። እዚያው ነበሩ። ጠዋት «የሉም» ሲባሉም፣ ሚስታቸው ስልክ ሲደወልላቸውም እዚያው ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ አምስት ሰው አለ፤ አምስቱም በሕይወት ያሉ፣ አምስቱም በማሽኑ አፍ የሌሉ። የሌሎቹን ፊደላት ረድፍ ስታስፈትሽ ቁጥሩ ሃያ ዘጠኝ ደረሰ። ሃያ ዘጠኝ ሰው ካምፓላ ውስጥ እየበላ እየጠጣ፣ እድር አለኝ ብሎ ተማምኖ ይተኛል።

ጽጌ የአርሴማን ስም መልሳ አርባ አንድ ላይ ጻፈች፤ አጠገቡም የሞት ምልክት አደረገች። ከዚያ የጋሽ አለምዘውድን ስም እንደ ደንቡ ፈለገች። ማሽኑ በአርሴማ በር አልፎ አለምዘውድን አገኘ።

«ጎሽ፣ ጎሽ» አሉ ጋሽ ይመር ተነሥተው። ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ነው። በስልክ ለአባላቱ ሁሉ መልእክት ተላከ፤ ድንኳኑና ወንበሩ ፒክአፕ ላይ ተጫነ። ከሰማኒያ የማያንስ ሰው ሥራውን እየተወ ከየሰፈሩ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ተመመ። ኤርሚያስም መጣ፤ በፒክአፑ የኋላ ወንበር ላይ። ጽጌ መንገዱን ሙሉ አላየችውም። ደርሰናል፣ ትላለች በሆዷ፤ ደርሰንላቸዋል።

ሲደርሱ ድንኳን ተተክሏል።

የእድሩ አይደለም። ሰማያዊ ሸራ ነው፤ ጎረቤት ያሉት ኡጋንዳውያን ናቸው የተከሉት። ግቢው ውስጥ ሴቶች ትልቅ ድስት የማቶኬ ሙዝ ጥደዋል። ሳጥኑን ጋሽ አለምዘውድ አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩት አናጺዎች ሌሊቱን ሠርተው አምጥተውታል። ጉድጓዱንም ከጠዋት ጀምሮ የቆፈሩት እነሱ ናቸው፤ ጫማቸው ላይ ቀይ አፈር አለ። አንዳቸውም የእድሩን ደንብ አያውቁም። ሰው እንደሞተ ሰሙ፣ መጡ።

ጋሽ ይመር ባርኔጣቸውን አውልቀው እትዬ ሙሉነሽ ፊት ቆሙ። ሰማኒያው ሰው ከኋላቸው ቆመ።

«ሙሉነሽ፣ ይቅር በይን። ተገኝቷል። የማሽን ስህተት ነው። ይኸው ጽጌ አሳይታናለች።»

እትዬ ሙሉነሽ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«ጋሽ ይመር፣ ጠዋት የደወለልኝ ማሽኑ ነው?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት።

«እርስዎ ነዎት የደወሉልኝ። እርስዎ አለምዘውድን አያውቁትም? የባለቤትዎን የአለምሸትን መቃብር ማን ቆፈረው? በዚያ ዝናብ፣ አካፋውን ከእጅዎ ተቀብሎ ‹እርስዎ ይቀመጡ፣ ዛሬ ሐዘንተኛ ነዎት› ያለዎት ማን ነው? ስንት ፋሲካ እዚህ ቤት አብራችሁ ፈሰካችሁ? ይህን ሁሉ እያወቁ፣ ባሌ መኖር አለመኖሩን ሄደው ማሽን ጠየቁ። ማሽኑ ቢስት ማሽን ነው። እርስዎስ?»

ጽጌ ፊቷ ጋለ። ከጠዋት ጀምሮ በኤርሚያስ ስትበግን፣ በኮዱ ስትበግን ውላ ይህን ጥያቄ አንድም ጊዜ አላነሣችውም። እሷም ቢሮ ገብታ ከጋሽ ይመር ፊት ለፊት ተቀምጣ ያለችው «ኮዱን ክፈተው» ነው። «ጋሽ ይመር፣ ሰውየውን ያውቋቸው የለም ወይ?» አላለችም። ብላ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር በስድስት ሰዓት ተኩል ያልቅ ነበር። አንገቷን ደፋች።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ቄሱ ጸሎታቸውን ጨረሱ። ጋሽ ይመር ባርኔጣቸውን ለአንዱ አቀብለው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳጥኑን ለማንሣት ጎንበስ ሲሉ እትዬ ሙሉነሽ እጃቸውን ዘረጉ። በቁጣ አልነበረም።

«ተዉት፣ ጋሽ ይመር። እነሱ ይሸከሙት» አሉ፣ ወደ አናጺዎቹ እያመለከቱ። «እናንተ ከኋላ ኑ።»

የእድሩ ሰው መንገዱን ለቀቀ። ጫማቸውን ቀይ አፈር የነካው ስድስት ሰዎች ሳጥኑን አንሥተው በመካከላቸው አለፉ፤ ሰማኒያውም ሰው፣ ጋሽ ይመርም፣ ጽጌም ከኋላ ተከተሏቸው።